የአምስት ቁጥሩ ስም

"አይ፣ እሱ እንኳ ድሮ ነው። አሁን ለጤናው ብሎ ጠዋት ጠዋት ይሮጣል እንጂ አይጫወትም።"

እንድሪያስ ይህን የሰማው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ቀኝ ጉልበቱን በፋሻ ሲጠቀልል ነው። ተናጋሪዋ ታላቅ እህቱ ተሻለች ናት። በእሱ ክፍልና በእነሱ ሳሎን መካከል ያለው ግድግዳ አንድ ኮምፔርሳቶ ብቻ ስለሆነ እንኳን ወሬ ትንፋሽም አይደብቅም። እንግዳዋ አመለወርቅ ትባላለች፤ አየር መንገድ ቲኬት ቢሮ ነው የምትሠራው፣ ከተሻለች ጋር አንድ ቸርች ውስጥ ያመልካሉ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ሥራ ከመግባቷ በፊት፣ በዚያ ሁሉ አቧራ ውስጥ እዚህ ጁባ ካስተም ሰፈር ድረስ ያመጣት ጉዳይ ምን እንደሆነ እንድሪያስ አልጠፋውም። ተሻለች ወንድሜን ልዳር ብላ ከተነሳች ወራት አልፈዋል። "ኳስ ተጫዋች ነው ሲሉ ሰምቼ ነበር እኮ" አለች አመለወርቅ፤ ድምጿ ውስጥ ክፋት የለም። "የሰው ወሬ ነው" አለች ተሻለች ፈጠን ብላ። "ከገብሬ ጋር ነው የሚሠራው። ንግዱን እየያዘው ነው።"

ለጤናው! እንድሪያስ ፋሻውን እንደያዘ ቀረ። አፍንጫው ሁለት ጊዜ ተሰብሯል። ከፊት ጥርሶቹ አንዱ የራሱ አይደለም። ይኼ አሁን የሚጠቀልለው ጉልበት ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮው ቀድሞ ይናገራል። ዕድሜው ሠላሳ አራት ነው፤ ከዚያ ውስጥ አሥራ አራቱን ዓመት በመሐል ተከላካይነት፣ በደመወዝ፣ ኳስ ተጫውቶበታል። መጀመሪያ ናዝሬት ለአንድ ፋብሪካ ቡድን፣ ቀጥሎ አዲስ አበባ ለሁለት ክለቦች፣ ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ እዚህ ጁባ። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ የዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ አለበት። ለጤናው ብሎ የሚሮጥ ሰው እንዲህ ያለ ጤና አይገጥመውም።

በሩን ከፍቶ ገባ። ሳሎኑ ጠባብ ነው፤ ከካምፓላ በጭነት መኪና የመጣው ትልቁ ሶፋ ግማሹን ስለያዘው ሰው የሚያልፈው በጎኑ ነው። ፍሪጁ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ድረስ ቁም ሳጥን ነው፤ ተሻለች ስኳሯንና የመዝሙር ደብተሯን ታስቀምጥበታለች። አመለወርቅ ተነስታ ጨበጠችው። ቆንጆ ናት፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አናደደው። ሦስቱም ስለ ውኃ አወሩ። የቦቴው ውኃ በርሜሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ በሁለት ፓውንድ መጨመሩን፣ ሻጮቹ ከወንዙ ቀድተው ሳያጣሩ እንደሚያመጡት፣ የደቡብ ሱዳን የነፃነት ሪፈረንደም እየቀረበ ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ነገር እንደሚወደድ ተነጋገሩ። ተሻለች ይህን ሁሉ ስታወራ ዓይኗን ከወንድሟ ፊት ላይ አላነሳችም። እባክህ እንዳታፈርስብኝ የሚል ዓይን ነው። እሱም አላፈረሰም። ታኬታ ጫማው ያለበትን ቦርሳ በእግሩ ገፋ አድርጎ ከሶፋው ጀርባ ሸሸገው፤ ከሸሸገ በኋላ ግን በገዛ እግሩ አፈረ።

የተሻለች ባል ገብሬ በደጅ በኩል ጠራው። ገብሬ የግንባታ ዕቃ ጅምላ አከፋፋይ ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ፣ ስለዚህም ለመጣላት እንኳ የማይመች ሰው።

"መኪናው ገብቷል" አለ። "ስድስት መቶ ከረጢት ሲሚንቶ ነው። ከአውራጆቹ የመጡት ሁለት ብቻ ናቸው።"

"ዛሬ ግጥሚያ አለብኝ ብዬህ ነበር እኮ።"

"በስንት ሰዓት?"

"በአሥር።"

ገብሬ የእጅ ሰዓቱን አየና "አሥር ሰዓትማ ሩቅ ነው" አለ።

እንድሪያስ ደርሼ ልምጣ ብሎ ቦርሳውን ከሶፋው ጀርባ አወጣና ቦዳ የሚሉትን የኪራይ ሞተር ሳይክል ይዞ ወደ ጁባ ታውን ሄደ። የክለቡ ጸሐፊ ሚስተር ላዶ "ለዛሬው ጨዋታ የመታወቂያ ካርድህን መጥተህ ውሰድ" ብሎ ደውሎለት ነበር። ቢሮው ከአንድ የዱቄት ጅምላ መደብር በላይ ነው። ደረጃው በዱቄት ነጭ ሆኗል፤ በደረጃው ላይ ጋትሉዋክ ረጅም እግሮቹን አጥፎ ተቀምጧል። ጋትሉዋክ የሃያ ሁለት ዓመት ተከላካይ ነው፤ የዚሁ አገር ኑዌር ነው፣ ያደገው ግን ጋምቤላ ስለሆነ አማርኛው ከእንድሪያስ አማርኛ አያንስም። ስድስት ወር ሙሉ እንድሪያስ ከልምምድ በኋላ ለብቻው አስቀርቶ ሲያስተምረው ቆይቷል፤ የት እንደሚቆም፣ መቼ እንደሚወጣ፣ ኳሱን ሳይሆን የአጥቂውን ወገብ እንዲያይ። አሰልጣኙም ባለፈው ሳምንት "ቅዳሜ ሁለታችሁ ጎን ለጎን ትሰለፋላችሁ" ብሏቸው ነበር። አሁን ጋትሉዋክ "ጋሼ" ብሎ ብድግ አለ፤ ሰላምታ ሰጠና ፊቱን አዞረ።

ላዶ ገና ምንም ሳይጠየቅ "ማፊ ሙሽኪላ" አለ። ችግር የለም ማለቱ ነው፤ እንድሪያስ ግን በዚህች ከተማ ይህን ቃል በሰማ ቁጥር ችግር እንዳለ ማወቅ ለምዷል። ካርዱን ተቀብሎ አየው። ፎቶው የራሱ ነው፤ ከጎኑ የተጻፈው ስም ግን ጋትሉዋክ ቾል ይላል።

"ይኼ ስም የእኔ አይደለም" አለ።

"ለዘጠና ደቂቃ ብቻ ነው" አለ ላዶ፤ እንግሊዝኛውን ከዓረብኛው እየቀላቀለ አስረዳው። በዚህ ዋንጫ አንድ ክለብ ከሦስት በላይ የውጭ ተጫዋች ማሰለፍ አይችልም። ክለቡ ደግሞ አራት አለው፤ ኬንያዊው በረኛ፣ ሁለቱ የኡጋንዳ አጥቂዎችና እሱ። የክለቡ ባለቤት አስቦበታል፤ እንድሪያስን ማስቀረትም አልፈለገም። ስለዚህ በአገሬው ልጅ ካርድ ይገባል።

"ለምን እኔ? ከአጥቂዎቹ አንዱን ለምን ስሙን አትለውጡትም?"

ላዶ በእውነት ጥያቄው የገረመው መሰለ። "አጥቂ እኮ ጎል ያገባል። ሲያገባ ስሙ ይጠራል፣ በሬዲዮ ይወራል፣ ሰው ይጠይቃል። የተከላካይን ስም ማን ይሰማል?" ከዚያ ለምክር ያህል "ሜዳ ውስጥ ግን አማርኛ አትጩህ" ሲል ጨመረ።

ይህን ያለው ለመስደብ አልነበረም፤ እንድሪያስን ያንገበገበውም እሱ ነው። ሰው ሲሰድብህ ትሰድበዋለህ። ይኼ ግን ሁለትና ሁለት አራት ነው እንደሚል ሰው ነበር የተናገረው። እንድሪያስ አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ላይ የአገሪቱን ምርጥ አጥቂ ዘጠና ደቂቃ ከኪሱ ሳያወጣ ውሎ በማግስቱ ጋዜጣው ላይ ፎቶው ወጥቶ ነበር፤ ከሥሩ የተጻፈው ስም ግን የሌላ ሰው ነበር። አንድ ጊዜም ለብሔራዊ ቡድን ተጠርቶ ካምፓላ ድረስ ሄዶ ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተመልሷል። ሰው ያስታወሰለት የተሸወደባትን ቀን ብቻ ነው። ካርዱን ላዶ ፊት ላይ ሊወረውረው እጁን አነሳ። ግማሽ ፍጻሜ ነው። በዚህ ጉልበት ሌላ ግማሽ ፍጻሜ እንደማይጫወት ያውቃል። እጁን መለሰና ካርዱን ኪሱ ከተተ።

ደረጃው ላይ ጋትሉዋክ "ሰምቻለሁ ጋሼ" አለው። "ማሌሽ፣ ምንም አይደል። ተጫወት።"

"ለአንተስ ምን አሉህ?"

"ገና ልጅ ነህ፣ ትቆያለህ አሉኝ።" ጋትሉዋክ ሱሪው ላይ ያለውን ዱቄት አራገፈ። "ችግሩ እናቴ ናት። ከወንዙ ማዶ፣ ጉምቦ ዘመድ ቤት ከመጣች ሳምንቷ ነው። ዛሬ እጫወታለሁ ብያት ልታየኝ ትመጣለች። ኳስ የሚባል ነገር አይታ አታውቅም።"

"ደውልና ንገራታ!"

"ስልክ የላትም። ይኼኔ ድልድዩን ተሻግራለች።"

እንድሪያስ "እናንተ ሰዎች ታቃጥላላችሁ!" አለና ወረደ፤ እናንተ ያላቸው እነማን እንደሆኑ ለራሱም ግልጽ አልነበረም።

ካስተም ሲመለስ የኡጋንዳው መኪና መንገዱን ዘግቶ ቆሟል፤ ከኋላው ያሉት ሹፌሮች ጡሩምባቸውን ያስጮኻሉ። እንድሪያስ ሸሚዙን አውልቆ ገባበት። ከግጥሚያ በፊት ሲሚንቶ የሚሸከም ተጫዋች በዓለም ላይ የት አለ ብሎ እያሰበ አንዱን ከረጢት በሌላው ላይ ይወረውራል። ንዴቱ ለሥራው ጠቀመ፤ ሁለቱ አውራጆች እስኪገረሙ ድረስ ሮጠ። ሲሚንቶው ከላቡ ጋር ተቦክቶ ቅንድቡ ላይ ደረቀ። ገብሬ በኮንቴይነሩ ጥላ ሥር ቆሞ ሲያይ ቆየና የታሸገ ውኃ አቀበለው። "አመለወርቅ ጨዋ ልጅ ናት" አለ።

"ተሹ ለምን ትዋሻለች ገብሬ? ይኼ ሁሉ ዓመት የሠራሁትን ለምን ትደብቃለች?"

ገብሬ አሰበበት። "መዋሸቷ አይደለም። እሷም ቸግሯት ነው። ተከላካይ ነው ብትላት፣ ልጅቷ ምን ሠራ ብላ ብትጠይቅ፣ ምን ትበላት?"

"ጎል እንዳይገባ አደረገ ትበላታ!"

"አየህ" አለ ገብሬ በዚያ በማይሞቅ በማይበርድ ድምፁ። "ያልገባ ጎል እንዴት ብሎ ለሰው ይታያል?"

እንድሪያስ ውኃውን ራሱ ላይ ደፋው። ዛሬ ጠዋት ከቤት ከወጣ ጀምሮ የሚያናግረው ሰው ሁሉ ልክ ነው፤ የሚያበሳጨውም ይኼው ነው። ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሸሚዙን ለበሰ፤ ቦርሳውን አነሳ። ገብሬ መኪናው ላይ የቀረውን ሲሚንቶ አየ፣ እሱን አየ፣ ባዶውን የውኃ ጠርሙስ ከመሬት አነሳ። ተሻለች ከሱቁ መስኮት ውስጥ ሆና አየችውና ወደ ሥራዋ ዞረች። ቢጮሁበት ይሻለው ነበር።

ስታዲየሙ በር ላይ ሰው ከአሁኑ ሞልቷል። የአንድ መኪና ድምፅ ማጉያ ስለ ሪፈረንደሙ ምዝገባ ይለፍፋል፤ ከኒም ዛፉ ሥር ጋትሉዋክ ከእናቱ ጋር ቆሟል። ሴትየዋ ልክ እንደ ልጇ ረጅም ናት፤ ሰማያዊ ጨርቅ በአንድ ትከሻዋ ላይ አስራለች፣ አዲሱን የላስቲክ ጫማዋን እንዳይቆሽሽ ብላ በእጇ ይዛዋለች። የእንድሪያስን እጅ በሁለት እጇ ያዘችና በኑዌርኛ ረጅም ነገር ተናገረች።

"ምን አለች?"

"ልጄን የምታስተምረው አንተ ነህ ወይ፣ እግዜር ይስጥህ ትልሃለች።"

"እንደማትጫወት አልነገርካትም?"

ጋትሉዋክ አቀርቅሮ "አልቻልኩም" አለ።

መልበሻው ክፍል መስኮት የሌለው ኮንቴይነር ነው፤ ውስጡ ላብና የጉልበት ቅባት ይሸታል። አሰልጣኙ ስም እየጠራ ማልያ ያድላል፤ ላዶ ለዳኛው የሚሰጠውን ካርድ እየሰበሰበ በሩ ላይ ቆሟል። "አምስት ቁጥር፣ ጋትሉዋክ" አለ አሰልጣኙና ማልያውን ለእንድሪያስ ወረወረለት። ማንም አልሳቀም። ኬንያዊው በረኛ ጓንቱን ሲያጠብቅ ነበር፤ አጥቂዎቹ የራሳቸውን ሙዚቃ ይሰማሉ። እንድሪያስ ማልያውን ጭኑ ላይ ዘርግቶ አየው። ከዚያ ካርዱን ከኪሱ አውጥቶ የፎቶውን ጫፍ በጥፍሩ ፈቀፈቀው። ጠዋት ሲነካው ወፍሮበት ነበር። የእሱ ፎቶ ሲላቀቅ ከሥሩ ሌላ ፎቶ አለ፤ የጋትሉዋክ ነው፤ ሙጫ ፊቱ ላይ ቢጫ ሆኖ ደርቋል።

"ምን እያደረግህ ነው?" አለ ላዶ።

እንድሪያስ ተነሳ። "ጋትሉዋክ ደጅ ነው ያለው። ጥሩት።"

"አብደሃል? አሥር ደቂቃ ነው የቀረን!"

"እንግዲያው ቶሎ ጥሩት።"

አሰልጣኙ ተሳደበ፣ ለመነ፣ እንደገና ተሳደበ። ላዶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ከዚህ በር ከወጣህ ክለቡን እርሳው" አለው። "ኸላስ፣ አለቀ።" እንድሪያስ "እሺ" አለ። አሥራ አራት ዓመት በአንዲት ቃል ያልቃል ብሎ አስቦ አያውቅም። ደግ ሥራ የሠራ ሰው ደስ ይለዋል ይባላል እንጂ እሱ ምንም ደስ አላለው፤ ከኮንቴይነሩ ሲወጣ እግሩ ተመለስ ተመለስ ይለው ነበር። ጋትሉዋክን በሩ ላይ ሲያገኘው ማልያውንና ካርዱን ደረቱ ላይ ገፋለት። "ኳሱን ሳይሆን ወገቡን እይ" አለው በቁጣ። "ደግሞ ብትሸወድ አልምርህም!"

ከሜዳው አጥር አጠገብ፣ ከሴትየዋ ጎን ተቀመጠ። የሚግባቡበት ቋንቋ የላቸውም። ድምፅ ማጉያው አሰላለፉን ሲያነብ የልጇን ስም ሰማችና የእንድሪያስን ጉልበት በጥፊ መታችው፤ ያንኑ በፋሻ የተጠቀለለውን። ጨዋታው ተጀመረ። የቀኝ መስመር ተከላካዩ ወደ መሐል ተስቦ ከጋትሉዋክ ጎን ቆሟል፤ ሁለቱም እንደ እንግዳ ይተያያሉ። እንድሪያስ መቀመጥ አልቻለም። "ውጣ! ውጣ እንጂ!" ብሎ በአማርኛ ጮኸ። "ከኋላህ! ምን ትጠብቃለህ፣ መኪና ነው የምትጠብቀው?" ሴትየዋ ይህ ሰው ልጇን ለምን እንደሚቆጣ ስላልገባት ክፉኛ ታየው ጀመር። ጋትሉዋክ ግን ይሰማል። በሃያኛው ደቂቃ አጥቂው ብቻውን ሲያልፍ ሸርተቴ ወርዶ ኳሷን ብቻ ወሰደ፤ ንጹሕ ነበር። የጨበጨበ የለም። እንድሪያስ ብቻ አየሩን በቡጢ መታ።

በዕረፍት ሰዓት ተሻለች ደወለች።

"ጨዋታው አላለቀም እንዴ?"

"ተሹ፣ አቆምኩ።"

"ምኑን?"

"ኳስ። ከዛሬ ጀምሮ አቆምኩ።"

ከኋላዋ ጄኔሬተሩ ይሰማል። ከናዝሬት ጀምሮ ካልሲውን ያጠበችለት እሷ ናት፤ አንድ ነገር ትላለች ብሎ ጠበቀ።

"እንግዲያው ትመጣለህ?" አለች በመጨረሻ። "ሲሚንቶው ግማሹ አልወረደም።"

እንድሪያስ ስልኩን ከጆሮው አራቀና እንደ አዲስ ዕቃ አየው። መልሶ ሲያስጠጋው አሁንም አልዘጋችም። "ጉልበትህን አመመህ እንዴ?" አለች፤ ድምጿ ቀጥኗል። "አይ" አላት። "እሺ" አለች። ከዚያ ዘጋችው።

ሁለተኛው አጋማሽ ረጅም ነበር። የኡጋንዳ አጥቂዎቹ ሦስት ያለቀላቸው ኳሶች ሳቱ፤ ሕዝቡ በእያንዳንዷ ስማቸውን እየጠራ አደነቃቸው። ጋትሉዋክ አራት አዳነ፤ ስሙን የጠራው የለም። እንድሪያስ ድምፁ ተዘግቶ በእጁ ብቻ ይመራዋል። ሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ከግራ በኩል ኳስ ተሻማ። ጋትሉዋክ ወገቡን አይቷል፣ ቦታውን ይዟል፣ ቀድሞ ደርሷል፤ ሁሉን በትክክል አደረገ። ኳሷ ግን መሬት ነጥራ ቅልጥሙን መታችና በረኛው በወደቀበት በተቃራኒው በኩል ቀስ ብላ መረብ ውስጥ ገባች። የተጋጣሚው ደጋፊ ፈነዳ። ድምፅ ማጉያው "ጎል! በራሱ ግብ ላይ፣ አምስት ቁጥር፣ ጋትሉዋክ ቾል!" አለ፤ አንዴ በእንግሊዝኛ፣ አንዴ በዓረብኛ። ሴትየዋ ከዚህ ሁሉ የሰማችው የልጇን ስም ነው። ብድግ አለች፣ ጫማዋን ወርውራ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋችና እልልታዋን አቀለጠችው።

በዙሪያው ያለው ሰው ዞሮ አያት። መሳቅ የጀመሩም ነበሩ። እንድሪያስ እጇን ይዞ ሊያስቀምጣት ተነሳ፤ "እማማ፣ ተዉ" ሊላት አፉን ከፈተ። በዚህ መካከል ሣሩ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ የነበረው ጋትሉዋክ እልልታውን ሰምቶ ቀና አለ፤ በመጀመሪያ እናቱን፣ ቀጥሎ እሱን አየ። እንድሪያስ ለሴትየዋ የዘረጋውን እጅ ምን እንደሚያደርግበት ጨነቀው። አጨበጨበበት። በጥርሱ እየተሳደበ፣ መዳፉ እስኪቃጠል አጨበጨበ።

በአንድ ለባዶ አለቀ። ላዶ በአጠገቡ አልፎ ሲሄድ ምራቁን ተፋ። ጋትሉዋክ ዓይኑ ቀልቶ ወደ አጥሩ መጣ፤ እናቱ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ አንድ ነገር ጠየቀችው። ማልቀስና መሳቅ ተደባለቀበት።

"ምን አለች?" አለ እንድሪያስ በተዘጋው ድምፁ።

"ያኛው ወገን እንደዚያ ሲጨፍርልህ ሌላ ለምን አልጨመርክላቸውም ትለኛለች።"

"እግርህን አልሰበሰብክም! ኳስ ስትነጥር እግር ይሰበሰባል፣ ስንቴ ነው የምነግርህ? ሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት እዚህ ትገኛለህ።"

"አንተን እኮ አባረሩህ ጋሼ።"

"ክለቡ ነው ያባረረኝ። ከአንተ ላይ ማን ያባርረኛል?"

ጋትሉዋክ አፍንጫውን በማልያው ጠረገ። እናቱ አሁንም ከአንዱ ወደ አንዱ እያየች መልስ ትጠብቃለች። "እሷንስ ምን ልበላት?" አለ።

እንድሪያስ ሴትየዋን አያት። ጫማዋን ሰው ረግጦት አንዱ ተቆርጧል፤ ልብ ያለችውም አትመስል። ተናደደ፤ በዳኛው፣ በላዶ፣ በመሬቱ፣ በነጠረችው ኳስ ተናደደ፤ የሚናደድበትን ሁሉ ጨርሶ ሲያበቃ በረጅሙ ተነፈሰ።

"ጎሉ ግሩም ነበር በላት።"

ጋትሉዋክ ነገራት። ሴትየዋ ይህን ለማወቅ አስተርጓሚ እንደማያስፈልጋት ሁሉ ራሷን በኩራት ነቀነቀች።